«ጥፋቱ እኔ የገዛሁለት ስልክ ነው?» ከ8ኛ ክፍል በኋላ ስለሚወርድ ውጤት

ጥያቄው በጥቂቱ አጥሮ ይኸውላችሁ፦

«ቤተሰቦቼ ሰሜን ሸዋ፣ ሞረትና ጅሩ ወረዳ፣ ከእነዋሪ ከተማ ወጣ ብሎ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። እኔ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ታናሽ ወንድሜ እስከ 8ኛ ክፍል ድረስ ከ3ኛ ወርዶ አያውቅም። ሰፈሩ ሁሉ ‹ቀለሜው› ነበር የሚለው። ሚኒስትሪ ሲያልፍ ደስ ብሎኝ ስልክ ገዛሁለት። 9ኛ ክፍል እነዋሪ ቤት ተከራይቶ መማር ጀመረ፤ 19ኛ ወጣ። ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር 41ኛ ወጣ፤ ሒሳብና ፊዚክስ ወደቀ። አባቴ ‹ስልኩን እሰብረዋለሁ፣ እሱንም ወደ እርሻው እመልሰዋለሁ› እያለ ነው። መምህራኑ ‹ቤተሰብ ስለማይከታተል ነው› ይላሉ። አባቴና እናቴ ግን ማንበብ አይችሉም፤ ምኑን ይከታተሉት? አስጠኚ ልቅጠርለት ወይስ እኔ ጋ አምጥቼ የግል ትምህርት ቤት ላስገባው? ጥፋቱ የኔ ስልክ ነው?»

አይደለም። ስልኩ የመጣው ሚኒስትሪ ካለፈ በኋላ ነው። የልጁ ክፍተት ግን ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ ሲጠራቀም የቆየ ነው፤ ያየው ሰው አልነበረም እንጂ። ለምን እንዳልታየ ካልገባችሁ አስጠኚም ቅጠሪ፣ ትምህርት ቤትም ቀይሪ፣ የሚባክነው ገንዘብሽ ነው።

መጀመሪያ ደረጃውን እንተወው። «3ኛ ወጣ» ማለት ከክፍሉ ልጆች የበለጡት ሁለት ናቸው ማለት ነው። ምን ያህል እንደሚያውቅ አይናገርም። በቀበሌው ትምህርት ቤት ግማሹ ልጅ አጨዳ ሲደርስ ይቀራል። በየቀኑ የሚገኝ፣ ጽሑፉ የሚያምር፣ ደብተሩን የሚሸመድድ ልጅ ከላይ ይወጣል። ወንድምሽም እንደዚያ ያለ ልጅ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ፈተናውን የሚያወጣው ያው ያስተማረው መምህር ነው። ጥያቄውም ሰሌዳ ላይ ከጻፈው ማስታወሻ አያልፍም። እነዋሪ ሲገባ ደግሞ በየቀበሌው 1ኛና 3ኛ ሲወጡ የነበሩ ልጆች ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ተገናኙ። እነዚያ መሀል 19ኛ መውጣት ስንፍና አይባልም። እኔን ያሳሰበኝ ከ19 ወደ 41 የሄደበት መንገድ ነው።

ሽምደዳ ምን እንደሚመስል አንድ ነገር ላጫውትሽ። ድሮ 9ኛ ክፍል ባዮሎጂ ሳስተምር አንዲት ልጅ ነበረች። የሴልን ትርጉም በእንግሊዝኛ አንድ ፊደል ሳታጎድል ትጽፋለች። አንድ ቀን ሽንኩርት ይዤ ገባሁ። ስሱን ልጣጭ ገፈፍ አድርጌ በትምህርት ቤቱ ብቸኛ ማይክሮስኮፕ አሳየኋትና «ያየሽው ምንድነው?» አልኳት። «ሽንኩርት ነዋ» አለችኝ። መልሷ ስህተት የለውም። የጻፈችው ትርጉምና ያየችው ነገር ግን ጭንቅላቷ ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም። ሰቃይ ተማሪ ነበረች። እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ እንደምታውቀው አምን ነበር።

ይኸው ነገር በአገር ደረጃም ታይቷል። የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በእነዚህ ዓመታት አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1 ሺህ በላይ ናቸው። በ2016 ወደ 5.4 በመቶ፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ሰው ይህን ሲሰማ «የዘንድሮ ልጅ ደነዘዘ» ይላል። ልጁ ግን በአንድ ሌሊት አልደነዘዘም። የ2014ቱ ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ስልኩም አጤሬራውም ደጅ ቀረ። ከዚያ በፊት ኩረጃው ሸፍኖት የነበረው ነው የታየው። ስለዚህ «ውጤት ለምን ወደቀ?» ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። አንዱ እውነተኛ መውረድ ነው። ሌላው ድሮም ከፍ ብሎ የማያውቅ ነገር መጋለጡ ነው። የወንድምሽ ጉዳይ ሁለቱም አለበት።

የተጋለጠው የትኛው ነው? ንባብና የሒሳብ መሠረት። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በስድስት ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ፍተሻ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እንዲያም ሆኖ ከክፍል ክፍል ያልፋሉ። የኛ ፊደል 33 ነው፤ በሰባት ሲባዛ 231 ሆሄ። ድሮ ብዙ የሸዋ ልጅ ይህን ቄስ ትምህርት ቤት አንድ በአንድ እየቆጠረ፣ እየተኮረኮመም ቢሆን፣ ጨርሶ ነበር 1ኛ ክፍል የሚገባው። ኩርኩሙ አይናፍቀኝም። መቁጠሩ ግን ይናፍቀኛል። አሁን ያ ቀርቶ በቦታው የተተካ ነገር በየገጠሩ የለም።

ወንድምሽ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ከሆነ በ2012 ዓ.ም. 4ኛ ክፍል ነበር። መጋቢት 7 ቀን በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ክፍልፋይና ማካፈል የሚጠናከርበት ጊዜ ነበር። 6ኛ ክፍል ሳለ፣ በኅዳር 2014፣ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ወደ ደብረ ሲና ሲጠጋ ሰዉ በየቀዬው ምን እንደነበር ታስታውሻለሽ። በ2016 ሚኒስትሪ በሚቀመጥበት ዓመት ክልሉ ሰላም አልነበረም። የእናንተ ቀበሌ ትምህርት ቤት በነዚህ ዓመታት ስንት ቀን እንደተዘጋ አባትሽ ያውቃሉ። ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩት። ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለው ሒሳብ እንደ ደረጃ ነው። ሁለትና ሦስት እርከን ከተነቀለ የሚቀጥለው ላይ እግር አይደርስም። ይህ የልጁም ያንቺም ጥፋት አይደለም።

ከዚያ 9ኛ ክፍል መጣ። እዚያ ከአማርኛ በቀር ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው። ማስታወሻ መሸምደድ የሚሠራው ማስታወሻው አጭር ሲሆንና ቋንቋው ሲገባሽ ነው። ትምህርቱ ሲበዛ፣ ቋንቋው ሲከብድ፣ መጽሐፉም ለሦስት ሲሆን ሽምደዳው ይሰበራል። ልጁ የሚያውቀው የአጠናን ዘዴ ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ኪራይ ቤቱ እንግባ። ስለዚህ ቤት ማንም አይጽፍም፤ እኔ ግን የሰሜን ሸዋ ልጆች ውጤት የሚወስነው እዚያ ነው እላለሁ። በሄድኩበት ከተማ ሁሉ አይቼዋለሁ፤ መሐል ሜዳም፣ ደነባም፣ እነዋሪም። ሦስት ወይም አራት ልጆች አንድ ክፍል ይከራያሉ። ወለሉ አፈር ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ጥግ ላይ ጀሪካን፣ የሽሮ ዕቃ፣ የበሶ ከረጢት አለ። አንድ አምፖል አላቸው፤ እሱንም አከራይዋ «ቆጣሪ በላብኝ» ብለው 3 ሰዓት ላይ ያጠፉታል። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ውኃ ይቀዳል፣ እሳት ያነዳል፣ ሽሮ ይሠራል፣ ዕቃ ያጥባል። ሲጨርስ መሽቷል። ስልኩ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ሰውነቱ ዝሏል፣ መብራት የለም፣ ጓደኛው ቲክቶክ እያየ ይስቃል። አንቺ ብትሆኚስ ምን ታደርጊያለሽ?

ስንቁ ኀሙስ ያልቃል። ዓርብ ከሰዓት ቀድሞ ወጥቶ በእግሩ ወደ ቤት ይሄዳል። ቅዳሜ ጠዋት ሰንጋዎቹ ጋ ነው፤ ገለባ ያቀርባል፣ ያጠጣል፣ ያጨዳ ጊዜ ከሆነ ያጭዳል። እሑድ ድርቆሹንና በሶውን ተሸክሞ ይመለሳል። መሽቶበት ሰኞ ጠዋት ከተነሳ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ክፍለ ጊዜዎች አመለጡት። ሒሳቡን ሥሪው። ዓርብ ከሰዓትና ሰኞ ጠዋት ብቻ ቢቀር ከአምስቱ የትምህርት ቀን አንዱ ሄደ። በዓመት አንድ አምስተኛ ማለት ነው። በዚያ ላይ ከዓርብ እስከ እሑድ ማታ ደብተር አይገለጥም። አባትሽ «አንድም ቀን ከትምህርት አስቀርቼው አላውቅም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ በእሳቸው አቆጣጠር አላስቀሩትም። ግማሽ ቀን ግማሽ ቀን እየሆነ ሲሄድ ቀሪ አይመስልም።

ቤተሰቡ ውጤት ላይ ያለው ተጽዕኖ በዋናነት ይህ ነው። ጊዜና መገኘት። መምህራኑ «ቤተሰብ አይከታተልም» ሲሉ ግማሽ እውነት አላቸው። ግማሹ ግን ሸክምን ማሸጋገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ጄምስ ኮልማን በ1966 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ባወጣው ጥናት የልጁን ውጤት ከትምህርት ቤቱ ዕቃና ገንዘብ ይልቅ የቤተሰቡ ሁኔታ ይበልጥ ይወስነዋል አለ። ይህን አባባል ብዙ ሰው ይዞት ይዞራል። ሄይንማንና ሎክስሌይ የተባሉ ተመራማሪዎች ግን በዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1983 የ29 አገሮችን መረጃ አነጻጽረው፣ አገሩ ድሃ በሆነ ቁጥር የትምህርት ቤቱና የመምህሩ ድርሻ እየከበደ እንደሚሄድ አሳዩ። እንደኛ ባለ አገር መምህሩ ከቀረ፣ መጽሐፉ ከሌለ፣ ቤተሰብ ያን የሚሞላበት አቅም የለውም። ስለዚህ መምህራኑ እንዲህ ሲሏችሁ አንገታችሁን ደፍታችሁ አትመለሱ። «የሒሳብ መምህሩ በዚህ ሴሚስተር ስንት ክፍለ ጊዜ ቀሩ?» ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። በትሕትና፤ ግን ጠይቁ።

«ማንበብ የማይችል ወላጅ ምኑን ይከታተል?» ላልሽው መልሴ ደግሞ ብዙ ነገር የሚል ነው። ቤት ውስጥ የቤት ሥራ ማሠራት ሰው የሚያስበውን ያህል አይጠቅምም። ሂልና ታይሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2009 በፈረንጅ አቆጣጠር ከወንድምሽ በጥቂቱ በሚያንሱ የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተሠሩ 50 ጥናቶችን ሰብስበው አይተዋል። የአሜሪካ ጥናት መሆኑን ያዢልኝ። ከውጤት ጋር ይበልጥ ተያይዞ የተገኘው ወላጅ ስለ ትምህርት ጥቅም ማውራቱ፣ ከልጁ የሚጠብቀውን በግልጽ መናገሩና ስለ ወደፊቱ አብሮ ማሰቡ ነው። የቤት ሥራ እርዳታ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ እንዲያውም ከዝቅተኛ ውጤት ጋር ነበር የሚያያዘው። አንዱ ምክንያት ወላጅ እጁን የሚያስገባው ልጁ ሲቸገር መሆኑ ነው። እነዚያ የሚጠቅሙት ነገሮች ደግሞ ፊደል አይጠይቁም።

አባትሽ ሰንጋ ቀላቢ ናቸው አይደል? የጅሩ ሰው ሰንጋ እንዴት እንደሚቀልብ እኔ አልነግራቸውም። በሬውን ለገበያ ሲያወጡት ብቻ አያዩትም። ጠዋት ያዩታል፣ ማታ ያዩታል። መኖውን ከተወ «ምን ነካው?» ብለው አፉን ከፍተው ያያሉ። አይደበድቡትም። የልጁን ካርድ ግን በዓመት ሁለቴ ነው የሚያዩት፤ ያኔም ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ይህን በዚሁ አነጋገር ንገሪያቸው። ከኔ ምክር ይልቅ ይገባቸዋል።

«ወደ እርሻ እመልስሃለሁ» የሚለው ማስፈራሪያ ግን አሁኑኑ ይቁም። ልጁ እየወደቀ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል። ማስፈራሪያው የሚያስተምረው መደበቅን ነው። ካርድ ይደብቃል፣ ያልገባውን ይደብቃል፣ መምህር ሲጠይቀው «ገብቶኛል» ይላል። ሌላም አለ፤ አባት የሚኖርበትን ሥራ ቅጣት ማድረግ። እርሻ የሰነፍ ቦታ ከሆነ አባትየው ምንድን ናቸው? ደግሞ ማታ ማታ ምድጃ ዳር «እገሌ ዲግሪ ይዞ ባጃጅ ይነዳል፣ ተምሮ ምን አገኘ» እየተባለ፣ ጠዋት «አጥና!» ማለት አይሄድም። ጆሮ አለው። ሥራ ማጣቱ እውነት ነው፤ አልክድም። ግን ወሬውን እሱ ፊት አታድርጉት፤ ወይም ካደረጋችሁት እስከ መጨረሻው አውሩት፣ ማንበብና ማስላት የሚችል ሰው ባጃጁንም የራሱ ማድረግ እንደሚችል ጭምር።

በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ እህት ብትሆን ኖሮ ይብስ ነበር። ኪራይ ቤት ውስጥ ከወንዶች ጋር የምትኖር ዘመድ ልጅ ካለች ውኃውና ሽሮው በሙሉ እሷ ላይ ነው የሚወድቀው። የእሷን 41ኛ መውጣት ግን ማንም ጥያቄ አድርጎ አይልክልኝም።

ወዳቀረብሻቸው አማራጮች ልምጣ። ስልኩን መስበር ጥቅም የለውም። የጓደኛው ስልክ አለ፤ ከናንተ ጋር የሚገናኝበትም ይቆረጣል። ግን እንዲሁም አይተው። ማታ ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ አከራይዋ ጋ ይደር። ሴትየዋን አንቺ ራስሽ ደውለሽ ለምኛቸው፤ የሸዋ እናት ይህን እምቢ አትልም። ቴሌግራም ላይ «የፈተና መልስ አለን» እያሉ ብር የሚጠይቁትን ግን አስጠንቅቂው። ሌቦች ናቸው።

አስጠኚ አሁን አትቅጠሪ። አብዛኛው አስጠኚ የሚያደርገው የነገውን የቤት ሥራ መሥራት ነው። ልጁ ነገ ትክክል ጽፎ ይገባል፣ ክፍተቱ እንደተሸፈነ ይቀጥላል። ገንዘብ የሚያዋጣው ወደ ኋላ ተመልሶ የ5ኛና የ6ኛ ክፍልን ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ሲገኝ ብቻ ነው። ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ሒሳብ የሚገባው የ12ኛ ክፍል ልጅ ይበቃል።

ደብረ ብርሃን ማምጣቱንም በዓመቱ አጋማሽ አልመክርም። አንቺ ፈረቃ ትገቢያለሽ። ልጁ እዚያም ቤት ብቻውን ነው፤ ልዩነቱ ከተማው መተለቁ ብቻ ነው። የኪራዩን ነገር አንቺው ታውቂዋለሽ። ደግሞ አንዳንድ የግል ትምህርት ቤት ካርድ ማሳመር ይችልበታል። ልጁ 8ኛ ይወጣና እናንተ ትደሰታላችሁ፤ 12ኛ ክፍል ላይ ለፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲገባ ያው ክፍተቱ ይጋለጣል።

ምንም ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ሰዓት የማይፈጅ ፈተና አድርጊለት። ከ10ኛ ክፍል ባዮሎጂ መጽሐፉ አንድ ገጽ ይግለጥ። 100 ቃል ይቁጠር። የማያውቀውን ቃል በእርሳስ ያስምር። ከ5 በላይ ካሰመረ ያን መጽሐፍ አንብቦ ሊረዳው አይችልም፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢያጠናም። እኔ 30 እና 40 የሚያሰምሩ «ቀለሜዎች» አይቻለሁ። ቀጥሎ ከ7ኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፍ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብና በራሱ አፍ ይንገርሽ። በስልክም ይሆናል። ከዚያ ሦስት ሒሳብ ስጪው። ሦስት አራተኛና አንድ ስድስተኛ ሲደመር ስንት ነው? ከ3 ላይ 7 ሲቀነስስ? አንድ ቁጥር በ2 ተባዝቶ 5 ሲጨመርበት 17 ከሆነ ቁጥሩ ስንት ነው? (መልሳቸው አሥራ አንድ አሥራ ሁለተኛ፣ ነጌቲቭ 4 እና 6 ነው።) የመጀመሪያውን ከሳተ ክፍተቱ 5ኛና 6ኛ ክፍል አካባቢ ነው። እዚያ ሳይመለስ የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ አይገባውም። ስትፈትኚው አትሳቂበት፣ «ይህን እንኳ?» አትበዪ። አንዴ ካፈረ ሁለተኛ አያሳይሽም።

እስከ ሰኔ ድረስ አድርጉ የምለው ይህን ነው። ልጁ በወር ሁለት ቅዳሜና እሑድ እነዋሪ ይደር። ስንቁ ወደ እሱ ይምጣ፤ አባትሽ ገበያ ሲወጡ ይዘውለት ይውጡ። ሰንጋውን እነዚያን ቀኖች ሌላ ሰው ይቀልብ። በቀሪዎቹ ሳምንታት ቢሄድም ዓርብ እስከ መጨረሻው ክፍለ ጊዜ ተምሮ ይውጣ፣ እሑድ ሳይመሽ ይመለስ። አባትሽ በወር አንዴ የክፍል ኃላፊውን መምህር አግኝተው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ «በዚህ ወር ስንት ቀን ቀረ?» ቁጥሩን ለመስማት ፊደል አያስፈልግም። ቤት ሲመጣ እናትሽ ቡና እያፈሉ «እስኪ የተማርከውን ንገረኝ» ይበሉት። የፎቶሲንተሲስን ነገር ለእናቱ በአማርኛ ማስረዳት ከቻለ ገብቶታል። ካልቻለ ራሱ ያውቀዋል።

አንቺ ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ማታ 2 ሰዓት ላይ ደውዪ። አሥር ደቂቃ። «አጠናህ?» አትበዪው፤ «አዎ» ነው የሚልሽ። «ዛሬ ያልገባህ ምን ነበር?» በዪው። በየቀኑ 40 ደቂቃ ለኋላው ትምህርት ይመድብ፦ 20 ደቂቃ ከ5ኛና ከ6ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ማንበብ፣ 20 ደቂቃ ከዚያው ክፍል ሒሳብ። የድሮ መጽሐፍ ከጎረቤት ልጆች ይገኛል። ዘዴው ደብተር ደጋግሞ ማንበብ ሳይሆን፣ አንብቦ፣ መጽሐፉን ዘግቶ፣ ያስታወሰውን መጻፍ ነው። መጀመሪያ ያናድዳል። ይቀጥል።

ክረምት ላይ ግን አምጪው። ሐምሌና ነሐሴን ደብረ ብርሃን ካንቺ ጋር ይሁን፣ ያን ጊዜ የኋላውን ሒሳብ የሚያስተምረው ሰው ፈልጊ። አባትሽ «ስንዴው ሊታረም ነው» እንደሚሉ አውቃለሁ። ለግል ትምህርት ቤት ልታወጪ ያሰብሽውን ገንዘብ ለአራሚ ቀን ሠራተኛ ክፈዪበት። ለልጁ የሁለት ወር ጊዜ ገዛሽለት ማለት ነው።

ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ዓይኑን አስመርምሩት። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሰሌዳ የማይታየው ልጅ ብዙ ነው፤ ራሱም አያውቀውም። ጆሮውም እንደዚያው። ሁለተኛ፣ ከ19 ወደ 41 መውረድ በትምህርት ክፍተት ብቻ ላይመጣ ይችላል። እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወ፣ ከጓደኛ ከራቀ፣ ጫትና መጠጥ ከጀመረ፣ ወይ በነዚያ የጦርነት ጊዜያት ያየው ነገር ካለ ጥናት ጥናት ማለት ትታችሁ መጀመሪያ እሱን አናግሩት፤ ጤና ጣቢያም ውሰዱት። «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ነገር ከአፉ ከወጣ አንድ ቀን አትጠብቁ። ሦስተኛ፣ በዚህ ሴሚስተር ካርድ ላይ ለውጥ አትጠብቁ። 40 ደቂቃ ለ6ኛ ክፍል ሒሳብ ሲሰጥ ለ10ኛው የሚቀረው ይቀንሳል፤ ደረጃው ጭራሽ ሊወርድ ይችላል። ያኔ አባትሽ «አላልኳችሁም?» ይላሉ። ከወዲሁ ንገሪያቸው።

አንዱን ግን እናንተ አትችሉትም። ክፍሉ ውስጥ የተማሪው ቁጥር ሲበዛ፣ መጽሐፉ ሲጎድል፣ መምህሩ ኑሮ ከብዶት ሌላ ሥራ ሲሯሯጥ ያን የሚያስተካክለው ቤተሰብ አይደለም። የወላጅና መምህር ኅብረት ስብሰባ ሲጠራ አባትሽ ይሂዱና ይናገሩ። መዋጮ ብቻ ሰምተው አይመለሱ።

ለማንኛውም ከ100 ቃል ውስጥ ያሰመረው ስንት እንደሆነ ቆጥረሽ ጻፊልኝ። ከ5 በታች ከሆነና ሦስቱንም ሒሳብ ከሠራ የእኔ ግምት ተሳስቷል ማለት ነው፤ የነገርኩሽ ግማሹ አይሠራም። ያኔ ወደዚያ ኪራይ ቤት ሄደሽ ሁለት ሌሊት አብረሽው እደሪ፤ ያየሽውን ከነገርሽኝ በኋላ እንነጋገራለን።